ዲቪአሩን ማን ከፈተው? የሱቅ ካሜራን በራውተር መቆጣጠርና መመዝገብ

በብዙ ሱቅ፣ ፋርማሲና ቢሮ ካሜራ የሚገጠመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ዲቪአሩ (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሣጥን) ከሞደሙ ጋር በኬብል ይያያዛል፣ የባለቤቱ ስልክ ላይ አፕ ይጫናል፣ ኪውአር ኮድ ይነበባል፣ ምስሉ ሲመጣ ሥራው አለቀ ይባላል። የአድሚኑን ፓስወርድ ባለቤቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ካሜራውን የገጠመው ባለሙያም ያውቁታል። አንድ ቀን ቅጂ ጠፍቶ ሲገኝ ታዲያ «ማን ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነገር የለም።

የሚያሰጋው የውስጥ ሰው ብቻም አይደለም። ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ለኢንተርኔት ክፍት የሆኑ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን በፋብሪካ ፓስወርዳቸው በቴልኔት (ዕቃን ከርቀት በትእዛዝ መቆጣጠሪያ) እየገባ ሰበሰበና በጥቅምት 2009 (በአውሮፓ 2016) ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም) ድርጅት በጥያቄ ብዛት አጨናንቆ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አጠፋ። ጠንካራ ፓስወርድም ብቻውን አያድንም፤ በአውሮፓ 2021 በሂክቪዥን ዕቃዎች ላይ ይፋ የሆነው ቀዳዳ ያለ ምንም ፓስወርድ ትእዛዝ ማስፈጸም ያስችል ነበር። ፖርቱ ከውጭ የማይደረስበት ዲቪአር ግን ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ከኢንተርኔት የሚያንኳኳው አይኖርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፋየርዎል (ራውተሩ ውስጥ ያለው የሚፈቅድና የሚከለክል ክፍል) የሚያየው በራሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። ዲቪአሩና የካሸሩ ኮምፒውተር በአንድ ስዊች (የኬብል ማከፋፈያ)፣ በአንድ የአይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ክልል እስካሉ ድረስ የሚያወሩት ፋየርዎሉን ሳይነኩ ስለሆነ መቶ ሩል (ደንብ) ብትጽፉ አንዱም አይሠራም፤ ሎጉም (መዝገቡም) ባዶ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሩል ሳይሆን ከኬብል ነው፦ ዲቪአሩ ለብቻው ፖርት፣ ለብቻውም የአይፒ ክልል ያግኝ።

ዕቃው

ምሳሌያችን ማይክሮቲክ የተባለው ራውተር ነው፤ ሎጉ ዝርዝር ነው፣ ቪፒኤኑም (ከውጭ በምስጢር መግቢያው መስመር) አብሮት ይመጣል። 5 ፖርት ያለውና ራውተርኦኤስ 7 (የማይክሮቲክ የራሱ ሥርዓተ ክወና) የሚሠራበት ይሁን። ዋይፋይ ከፈለጋችሁ ከኤችኤፒ ተከታታይ፣ ካልፈለጋችሁ ሄክስ ይበቃል። ኤችኤፒ ላይት 4 ፖርትና ጠባብ ማከማቻ ብቻ ስላለው ይቅርባችሁ። ከዚህ ሌላ የኔትወርክ ኬብል፣ ሎግ የሚቀመጥበት አነስተኛ ኮምፒውተር (ራስቤሪ ፓይ፣ ከዚህ በኋላ «ፓዩ»፣ ወይም ናስ የሚባለው የኔትወርክ ማከማቻ) እና ሁሉንም የሚይዝ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤሱን ለቅንጦት አትቁጠሩት፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሰዓቱም፣ ሎጉም፣ የፓዩ ሜሞሪ ካርድም ይጎዳል።

የአድራሻ ዕቅዱን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቢሮው ክልል የማይክሮቲክ ነባሩ 192.168.88.0/24 ይሁን። የዲቪአሩ 192.168.50.0/24፣ ራውተሩ በዚያ በኩል 192.168.50.1፣ ዲቪአሩ 192.168.50.10። ከውጭ በቪፒኤን ለሚገቡት 10.20.0.0/24።

ፖርቱን መለየት

የሞደሙ ኬብል ኢተር1 (የራውተሩ አንደኛ መሰኪያ) ላይ ይገባል። የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉት፤ ካልሆነ ግማሹ ሠራተኛ ከራውተራችሁ ውጭ ይቀራል። ከዚያ በዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ግቡና ምንም ሳትነኩ «ሴፍ ሞድ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። በተሳሳተ ሩል ራሳችሁን ብትዘጉና ግንኙነቱ ቢቋረጥ ራውተሩ ለውጡን በራሱ ይመልሳል። ስትጨርሱ ያንኑ ቁልፍ መልሶ መጫንን አትርሱ፣ አለዚያ የሠራችሁት አይጸናም።

«ብሪጅ» (ፖርቶቹን እንደ አንድ ስዊች የሚያያይዘው) ውስጥ «ፖርትስ» ላይ ኢተር5ን አውጡ። «አይፒ» ከዚያ «አድረስስ» ላይ 192.168.50.1/24ን ለኢተር5 ስጡ። ዲቪአሩ ላይ ዲኤችሲፒን (አድራሻ በራሱ የሚያስገኘውን) አጥፍታችሁ አይፒ 192.168.50.10፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.50.1 ጻፉና ኬብሉን ኢተር5 ላይ ሰኩ። በዚህ በኩል ዲኤችሲፒ ሰርቨር አትክፈቱ፤ የሚያስተናግደው አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

ካሜራዎቹ አይፒ ካሜራ ከሆኑና ከኤንቪአሩ (የአይፒ ካሜራ መቅጃው) ጀርባ ባሉት ፖኢ (መብራትም በኬብሉ የሚሰጡ) ፖርቶች ላይ የተሰኩ ከሆነ ችግር የለም፤ ኤንቪአሩ የራሱን ክልል ይሰጣቸዋል። ከቢሮ ኮምፒውተሮች ጋር አንድ ስዊች ላይ ካሉ ግን ኤንቪአሩን ብቻ ማዛወር ትርጉም የለውም፤ እያንዳንዱ ካሜራ የራሱ ድረ ገጽና ፓስወርድ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ለካሜራዎቹ የተለየ ስዊች ገዝታችሁ ሁሉንም ወደ ኢተር5 ውሰዷቸው።

ሩሎቹ

ኢተር5 ከብሪጁ ሲወጣ ላን (የውስጥ ኔትወርክ) ከሚባለው ዝርዝር ውጭ ይሆናል። የማይክሮቲክ ነባሩ ሩል ከላን ውጭ ያለ ሁሉ ራውተሩን ራሱን እንዳይነካ ስለሚከለክል ዲቪአሩ የራውተሩን አስተዳደር ገጽ ማየት አይችልም፤ ይህ ጥሩ ነው። በራውተሩ በኩል ወደ ሌላ የሚያልፈውን በተመለከተ ግን ነባሩ ሩል የሚከለክለው ከዋን (ከኢንተርኔት በኩል) የሚመጣውን ብቻ ነው። ዲቪአሩ ወደ ቢሮው፣ ቢሮውም ወደ ዲቪአሩ እንደልቡ ያልፋል ማለት ነው። ፖርት ለይቶ እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ምንም አልከለከለም።

ሩል የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፣ መጀመሪያ የገጠመው ይፈጸማል። በ«ፎርዋርድ» ሰንሰለት (በራውተሩ በኩል ወደ ሌላ የሚያልፈውን የሚመለከተው) ላይ የተጀመሩ ግንኙነቶችን የሚያሳልፈውና ኢንቫሊድ (የተዛቡ) የሚባሉትን የሚጥለው ነባር ሩሎች ከላይ ይቆዩ። ከእነሱ ሥር የሚከተሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል ጨምሩ።

በመጀመሪያ የሚፈቀደው፦ ምንጩ «ተፈቀደላቸው» በሚል የአድራሻ ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ መድረሻው 192.168.50.10፣ ቲሲፒ፣ ፖርቱ (እዚህ ላይ የኬብል መሰኪያው ሳይሆን የአገልግሎቱ ቁጥር) ዲቪአሩ የሚጠቀምበት ብቻ፣ «አክሰፕት»፣ ሎግ ይብራ። ለዝርዝሩም ለሎግ ቅጥያውም (በሎጉ መስመር ላይ ለሚታየው መለያ) ስም ስትሰጡ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ተጠቀሙ። ፖርቶቹ እንደ ዕቃው ይለያያሉ፦ ድረ ገጹ 80 ወይም 443፣ አርቲኤስፒ (የቀጥታ ምስል መላኪያው) 554፣ የሂክቪዥን አፕና ሶፍትዌር 8000፣ የዳህዋ 37777፣ ስም የለሽ ርካሽ ዲቪአሮች ብዙውን ጊዜ 34567። የምትጠቀሙበትን ብቻ ክፈቱ፤ ስልክና የኮምፒውተር ሶፍትዌር ብቻ ከሆነ ሂክቪዥን ላይ 8000 ይበቃል።

ቀጥሎ ወደ ኢተር5 የሚወጣውን ቀሪ ሁሉ የሚጥል፣ ሎጉ የበራ፣ ቅጥያው የተለየ ሩል። በኋላ በጣም የምትፈልጉት ሎግ የዚህኛው ነው፤ የገባው ሳይሆን ሊገባ ሞክሮ ያልቻለው ብዙ ይናገራል።

መጨረሻ ከኢተር5 የሚመጣውን ሁሉ የሚጥል። ዲቪአር ካልተከለከለ ወደ አምራቹ ክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር) ራሱ ደውሎ ይገናኛል፤ ኪውአር ኮድ አንብቦ ከየትም ማየት የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው። ግንኙነቱን ከውስጥ የሚጀምረው ዲቪአሩ ራሱ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣን መዝጋት አያግደውም፤ በዚያ በኩል የሚያየውን ሰውም ራውተራችሁ ሊመዘግበው አይችልም፣ የሚያየው የክላውዱን አድራሻ ብቻ ነው። ክላውዱም ሎጉም ይኑረኝ ማለት አይቻልም፤ አንዱን ምረጡ።

የሎግ ጎርፍ የሚመጣውም ከዚህኛው ሩል ነው። ክላውዱን ያጣ ዲቪአር ሳያቋርጥ ይሞክራል። ብዙ ሰው ጎርፉን ለመቀነስ በዚሁ ሩል ላይ «ሊሚት» ይጨምራል፤ ውጤቱ ግን አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሊሚቱ ሎጉን ሳይሆን ራሱን መጣሉን ይገድበዋል፣ ከገደቡ በላይ ያለው ጥቅል (የዳታ ቁራጭ) ሩሉን ዘልሎ ያልፋል። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ሩል ነው፦ መጀመሪያ ሊሚት ያለው፣ ተግባሩ «ሎግ» ብቻ የሆነ፤ ከሥሩ ያለ ሊሚትና ያለ ሎግ የሚጥል።

አዲስ ሩል የቆየ ግንኙነትን አይቆርጥም። ሩሎቹን ከጨረሳችሁ በኋላ «ኮኔክሽንስ» የሚለው ገጽ ላይ 192.168.50.10 ያለበትን መስመር ሁሉ ሰርዙ ወይም ዲቪአሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ይህን ያልሠራ ሰው «ክላውዱ እኮ አሁንም ይሠራል» እያለ ሩሉን መነካካት ይጀምራል።

ዲቪአሩ ራሱ

ዩፒኤንፒ (ፖርትን በራሱ ወደ ውጭ የሚያስከፍተው) እና ፒቱፒ (የክላውዱ ግንኙነት) የሚሉትን አጥፉ። ሞደሙ ላይ ያለውንም ዩፒኤንፒ አጥፉ፣ የተከፈቱ ፖርቶች ካሉም ሰርዙ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ተጠቃሚ ፍጠሩለት፤ ቀጥታ ማየት፣ የተቀዳውን ማየትና ወደ ፍላሽ ማውጣት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፣ ለካሸር ሦስቱም አያስፈልጉትም። የአድሚኑን ፓስወርድ ቀይሩና በታሸገ ፖስታ ከባለቤቱ ዘንድ ይቀመጥ። የራውተሩ ሎግ ማን እንደመጣ ይነግራችኋል፤ ገብቶ ምን እንዳደረገ የሚናገረው የዲቪአሩ የውስጥ ሎግ ነው። ሁሉም በአድሚን ስም ከገባ ሁለተኛው ዋጋ የለውም።

ፈርምዌሩን (የዲቪአሩን የውስጥ ሶፍትዌር) ስታድሱ ከአምራቹ ገጽ በኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ አስገቡት፤ ዲቪአሩ አሁን ኢንተርኔት የለውም፣ እንዳይኖረውም ነው የደከምነው።

ከውጭ ማየት

ባለቤቱ ከቤቱ ማየት መፈለጉ አይቀርም። መልሱ ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ነው። ራውተሩ ላይ ዋየርጋርድ ኢንተርፌስ ፍጠሩ (ማይክሮቲክ ራሱ የሚመርጠው ፖርት 13231 ነው)፣ 10.20.0.1/24ን ስጡት፣ በ«ኢንፑት» ሰንሰለት (ወደ ራውተሩ ራሱ የሚመጣውን የሚመለከተው) ላይ ከጣዩ ሩል በላይ ዩዲፒ 13231ን ፍቀዱ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ ፒር (የራሱ ቁልፍና አድራሻ ያለው መግቢያ)፦ ባለቤቱ 10.20.0.2/32፣ ሥራ አስኪያጁ 10.20.0.3/32። ሁለት ሰው አንድ ፒር አይጋራ። ቁልፉ የሰውየው ስለሆነ ሎጉ ላይ 10.20.0.3 ሲመጣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ነው፤ ሥራ ሲለቅ የእሱን ፒር ብቻ ታጠፋላችሁ፣ የሌላውን ሰው የምትነኩበት ምክንያት የለም። አድራሻዎቹን «ተፈቀደላቸው» ውስጥ መጨመር አትርሱ። ስልኩ ላይ «አላውድ አይፒስ» በሚለው ቦታ 192.168.50.10/32 ብቻ ጻፉ፤ 0.0.0.0/0 ካደረጋችሁት የስልኩ ኢንተርኔት በሙሉ በሱቁ መስመር ያልፋል።

ይህ እንዲሠራ ግን ከውጭ የሚደረስ አድራሻ ያስፈልጋል። የኢንተርኔቱን አድራሻ የያዘው ሞደሙ ከሆነ ዩዲፒ 13231ን ወደ ማይክሮቲኩ አስተላልፉ። ሞደሙ ከውጭ በኩል የያዘው አድራሻ በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ድርጅቱ ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ እያወጣ ነው፤ ምንም ብታደርጉ ከውጭ አይገባም። ያኔ ወይ ቋሚ አይፒ ጠይቁ፣ ወይ የማይክሮቲክን «ባክ ቱ ሆም» ተጠቀሙ። የኋለኛው ራውተርኦኤስ 7.12ና ከዚያ በላይ፣ ፕሮሰሰሩም ኤአርኤም የሆነ ይፈልጋል። የድሮው ሄክስ አይችልም።

ዋየርጋርድ ሲበላሽ ዝም ነው፤ ስህተት አይናገርም። ፒሩ ላይ «ላስት ሃንድሼክ» (ሁለቱ መጨረሻ የተገናኙበት ጊዜ) ባዶ ከሆነ ጥቅሉ አልደረሰም፣ ወይም የሕዝብ ቁልፎቹ ተገላብጠዋል፦ የስልኩ ራውተሩ ላይ፣ የራውተሩ ስልኩ ላይ ነው የሚገባው። ሃንድሼኩ እያለ ምስል ከሌለ ጥፋቱ ከፋየርዎሉ ወይም ከአድራሻ ዝርዝሩ ነው።

የቢሮ ስልኮችስ?

የቢሮ ኮምፒውተር በዲኤችሲፒ ላይ ቋሚ አድራሻ ስታስይዙለት ይለያል። ስልክ ግን ያስቸግራል፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለዋይፋይ የውሸት ማክ አድራሻ (የዕቃው መለያ) ይሰጣሉ። ለሱቁ ዋይፋይ ብቻ ያንን ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ የቀለለው ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ሱቅ ውስጥም ሆኖ በዋየርጋርድ እንዲገባ ማድረግ ነው፦ የስልኩ ዳታ ላይም ይሁን ዋይፋዩ ላይ፣ ሎጉ ላይ የሚታየው ያው አንድ ስም ነው። አንድ እንቅፋት አለ፦ አንዳንድ ሞደም ከውስጥ ወደ ራሱ የውጭ አድራሻ መመለስ አይችልም። ሱቅ ውስጥ ሃንድሼክ ከሌለ ለዋይፋዩ ሁለተኛ ፕሮፋይል አዘጋጁና ኢንድፖይንቱን (ስልኩ የሚደውልበትን አድራሻ) 192.168.88.1 አድርጉት።

አንድ ሠራተኛ የተፈቀደለትን ኮምፒውተር አይፒ በእጁ ጽፎ ሊገባ ይችላል። ይህ ካሳሰባችሁ የብሪጁን «ኤአርፒ» (አይፒን ከማክ ጋር የሚያዛምደውን) ወደ «ሪፕላይ ኦንሊ» ቀይሩ፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ላይም «አድ ኤአርፒ ፎር ሊዝስ» የሚለውን አብሩ፤ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ከዚያ በኋላ መልስ አያገኝም። ማተሚያ ማሽናችሁ ቋሚ አይፒ ካለው እሱም አብሮ ይዘጋልና አስቀድማችሁ በዲኤችሲፒ አስይዙት።

ሎጉ የት ይኖራል?

ማይክሮቲክ ራሱ ሎግ የሚይዘው በራም ነው፣ ያውም 1000 መስመር። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሌባ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው መብራቱን ነው። ወደ ራሱ ፍላሽ መጻፍም ፍላሹን ያደክማል። ስለዚህ ወደ ውጭ ይላክ፦ «ሲስተም»፣ «ሎጊንግ»፣ «አክሽንስ» ላይ «ሪሞት» የሚለውን ከፍታችሁ የፓዩን አድራሻና ፖርት 514 ጻፉ። «ሩልስ» ላይ ፋየርዎል፣ አካውንት፣ ዲኤችሲፒና ኢንተርፌስ የተባሉትን ርዕሶች ወደዚያ ምሩ። አካውንት ራውተሩ ውስጥ ራሱ ማን እንደገባ ይመዘግባል። ኢንተርፌስ ደግሞ የኢተር5 ኬብል ሲነቀልና ሲሰካ ይናገራል፤ መብራት ሳይጠፋ ኢተር5 ወርዶ ከደቂቃ በኋላ ከተነሣ አንድ ሰው ኬብሉን ነክቷል። ላፕቶፑን ቀጥታ ከዲቪአሩ ጋር ያገናኘ ሰው የሚተወው ዱካ ይኸው ብቻ ነው።

ፓዩ ላይ አርሲስሎግ (ሎግ የሚቀበለው ፕሮግራም) ካልተጫነ ጫኑት። በዋናው የማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ዩዲፒ 514ን የሚከፍቱት ሁለት መስመሮች ተጽፈው ፊታቸው ላይ # አለ፤ ምልክቱን አጥፍታችሁ አገልግሎቱን ሪስታርት አድርጉ። ቦታ አያስጨንቅም፦ አንድ መስመር በግምት 200 ባይት ቢሆን፣ በቀን 5,000 መስመር 1 ሜጋባይት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ 365። የፓዩን ፓስወርድ ግን ካሜራውን በየቀኑ የሚያየው ሰው አይያዘው።

ሰዓት ላይ ቸል አትበሉ። አብዛኛው ማይክሮቲክ የሰዓት ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲመለስ የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይነሣል። «ኤንቲፒ ክላየንት» (ሰዓት ከኢንተርኔት የሚወስደው) ላይ የጉግልን 216.239.35.0 እና 216.239.35.4 ስጡት፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ። የራውተሩን ኤንቲፒ ሰርቨር አብሩ፣ ከኢተር5 ዩዲፒ 123ን በ«ኢንፑት» ፍቀዱ፣ ዲቪአሩ ሰዓቱን ከ192.168.50.1 ይውሰድ። ዲቪአሩ ላይ ጂኤምቲ+3 ምረጡ፣ የበጋ ሰዓት የሚለውን አጥፉ፤ እሱ በርቶ የቀረ ዲቪአር ለወራት በአንድ ሰዓት ይዛነፋል።

ማንበብ

የሎጉ መስመር ልብ ይህን ይመስላል፦ 192.168.88.23:51544->192.168.50.10:8000። ከግራ ያለው የመጣው ነው፣ 51544 በዚያች ቅጽበት የተሰጠው ጊዜያዊ ፖርት ስለሆነ ትርጉም አትፈልጉለት። ከቀኝ ያለው 8000 ዲቪአሩን በአፕ ወይም በሶፍትዌር እንደከፈተ ይነግራል። ያልተፈቀደ መስመር ላይ 22፣ 23፣ 80፣ 554 በሰኮንዶች ውስጥ ተከታትለው ከመጡ ያ ሰው ካሜራ ሊያይ ሳይሆን በር ሊፈትሽ ነው። አንድ ሰው አፑን ሲከፍት ደግሞ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በርካታ መስመር ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ገባ ማለት አይደለም። ሎጉ የሚይዘው መጀመሩን ብቻ ነው፣ መቼ እንደወጣ ዲቪአሩ ላይ እዩ።

ሎጉን ከሰው ቃል ጋር ስታመሳክሩ የሰዓት አቆጣጠሩ ያሳስታል። ሎጉ 02:10 ሲል ከሌሊቱ 8:10 ነው፣ 14:10 ደግሞ ከቀኑ 8:10። ጥበቃው «ማክሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ» ካለ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት ረቡዕን ነው፣ ለረቡዕ አጥቢያ ማለቱ ነውና፤ ማሽኑ ቀኑን የሚቀይረው በእኛ ስድስት ሰዓት ሌሊት ላይ ነው። ሎጉን ከማተማችሁ በፊት የቀን፣ የሰዓትና የአቆጣጠር ልዩነቱን ከላይ ጻፉበት።

ሰውን የሚለይ ሎግ የግል ዳታ ስለሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ለሠራተኞቹ እንደሚመዘገብ ንገሯቸው፣ ስንት ወር እንደምታቆዩም ወስናችሁ የቆየው በራሱ እንዲሰረዝ አድርጉ።

ፍተሻ

ስልኩን ከዋይፋይ አውጥታችሁ፣ ዋየርጋርድንም አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ የሱቁን የውጭ አድራሻ በ80፣ 554፣ 8000፣ 37777 ሞክሩ፤ አንዱም መመለስ የለበትም። ካልተፈቀደ የቢሮ ኮምፒውተር 192.168.50.10ን ፒንግ አድርጉ፤ መልስ መጥፋት አለበት፣ ፓዩ ላይም የጣዩ ሩል መስመር በዚያው ሰኮንድ መታየት አለበት። መልስ ጠፍቶ መስመሩም ካልታየ ወይ ሎጉ አልበራም፣ ወይ ሩሉ ከሌላ ሩል በታች ተቀብሯል።

ከተፈቀደ ኮምፒውተር ፓስወርዱን ተቀብሎ ምስሉ ጥቁር ከሆነ አርቲኤስፒ ምስሉን በዩዲፒ እየላከ ነው፤ ያ አዲስ ግንኙነት ሆኖ ከኢተር5 ሲወጣ ጣዩ ሩል ይይዘዋል። ቪኤልሲም ሆነ ሌላው የቪዲዮ ማያ ፕሮግራም ላይ ወደ ቲሲፒ ቀይሩት። ሩሉን እንዳትከፍቱለት።